በጭብጨባ መሃል የበራ መብራት

ስለ ፊልም መጻፍ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ አንድ ገጽ አለችኝ፤ ማስታወቂያ ሲበዛ ግማሽ ትሆናለች። የምመርጣቸው ፊልሞች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሰው ብቻውን ጉልበተኛ ፊት የሚቆምባቸው። አልፈርምም ያለ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የቁስለኞቿን ስም አልሰጥም ያለች ነርስ፣ መሣሪያ በተደገነበት አደባባይ ወንበሩን አምጥቶ የተቀመጠ ሽማግሌ። እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ ስወጣ ለአንድ ሰዓት ያህል እኔም ደፋር የሆንኩ ይመስለኛል። ከዚያ ታክሲ ስጠብቅ አንዱ ጎረምሳ ተራዬን ሲቀማኝ ዝም እላለሁ።

በእነዚያ ጽሑፎች ውስጥ የእናቴን ታናሽ ወንድም ቢያንስ አራት ጊዜ ጠቅሼዋለሁ። ጋሼ ነው የምለው። በወጣትነቱ ፊልም አጫዋች ነበር፤ በከተማችን ትልቁ ሲኒማ ቤት፣ ከአዳራሹ ጀርባ ከፍ ብላ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሁለት ማሽኖች ጋር ይውል ነበር። ያ ክፉ ዘመን ሲመጣ፣ ሰው በወሬ በሚታፈስበት ሰሞን፣ እሱም ተይዞ ሁለት ሌሊት አደረና ተፈታ። ከዚያ ወዲህ የሲኒማ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ቤት ለቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖረ። በእኛ ቤት ነገሩ እንደ ማዕረግ ነው የሚወራው። ትንሽ ልጅ ሆኜ እንኳ "አጎትሽ እኮ ያኔ ታስሯል" ሲሉኝ ደረቴ ይነፋ ነበር። ካደግኩ በኋላም "ከቤቴ ጀግና አለ" ብዬ በጋዜጣ ጽፌያለሁ። ጋሼ ያንን አነበበ። ጋዜጣውን በአራት አጥፎ ከሶፋው ትራስ ሥር ከተተው፤ ልጅ የሰበረውን ሳህን እንደሚደብቅ።

ባለፈው ዓመት፣ ተዘግቶ የኖረው ያ ሲኒማ ቤት ለዕቃ መጋዘንነት እንዲውል ተወሰነ። ዘበኛው ክፍሎቹን ሲያጸዳ፣ ከማሽን ክፍሉ ቁም ሳጥን ውስጥ በአቧራ የተሸፈኑ ስድስት የፊልም ቆርቆሮዎች አገኘ። ስለ ፊልም የሚጽፍ ሰው ሌላ ስለማያውቅ እኔን ፍለጋ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ክዳኖቹ ላይ የተጻፈውን በወረቀት ገልብጦት ነበር። ሳነበው እጄ ላይ ያለውን ብዕር አስቀመጥኩ። የዳቦ ጋጋሪው ፊልም ነው። ሲወራለት ሰምቻለሁ እንጂ ሲታይ አላየሁም። በዚያ ሲኒማ ቤት አራት ቀን ብቻ ታይቶ ታገደ፤ በአራተኛው ቀን፣ በከሰዓቱ ትርኢት ላይ፣ ተመልካቾች ታፍሰዋል ይባላል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ዘበኛው ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና አንድ ነገር ጨመረ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አዳራሹ ውስጥ ጭብጨባ እንደሚሰማ ነገረኝ። የሰፈሩ ሰዎች እርግብ ነው ይሉታል፤ እሱም ራሱን እርግብ ነው እያለ ያጽናናል። ግን ጣሪያውን ሦስት ጊዜ ወጥቶ ፈትሾ አንዲት ላባ እንኳ አላገኘም።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅስልኝ ሰው አስፈለገኝ፤ ከጋሼ ሌላ ደግሞ የሚችል የለም። እምቢ እንደሚለኝ እርግጠኛ ነበርኩ። የልመና ቃል ሁሉ አዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። የፊልሙን ነገር ስነግረው የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ አየው።

"መቼ?" አለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ሄድን። አዳራሹ እርጥብ ካርቶን ይሸታል። ወንበሮቹ የድሮዎቹ ናቸው፤ ሰው ሲነሳ መቀመጫቸው በስፕሪንግ ወደ ላይ የሚታጠፍ ዓይነት። ሁሉም ታጥፈው፣ ረድፍ በረድፍ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመዋል። ዘበኛው የአዳራሹ የመብራት መስመር ከተቆረጠ ብዙ ዓመት እንደሆነው፣ ኤሌክትሪክ የቀረው ማሽን ክፍሉ ብቻ እንደሆነ አስረዳንና የእጅ ባትሪውን ሰጠኝ። እሱ ራሱ ግን አልገባም። ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ መስማት እንደሚሻለው ተናገረ፤ አልፈረድኩበትም።

ጋሼ ደረጃውን ወጣ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲጠርግ፣ ዘይት ሲያጠጣ፣ ማሽኑን እንደ በቅሎ ሲያባብል ሰማሁት። እኔ መሃል ረድፍ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ከዚያ ከራሴ በላይ ያቺ የማውቃት ቀጭን ብርሃን ተወረወረች፣ ፊልሙም ጀመረ።

ጥቁርና ነጭ ነው። ማዕድን ቆፋሪዎች ሥራ አቁመዋል፤ ወታደራዊው አገረ ገዥ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሰፈራቸው ዳቦ እንዳያልፍ አዝዟል። በወንዙ ወዲህ አንድ ዳቦ ጋጋሪ አለ፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ሚስቱን የሚፈራ፣ ነጋ ጠባ ስለ ዱቄት ጥራት የሚነዘንዝ። ጀግና አይመስልም። እኔ ደግሞ እንዲህ ያሉትን ነው የምወደው፤ መልከ መልካምና ትከሻ ሰፊ ሲሆኑ ድፍረቱ ከእነሱ ይልቅ የልብስ ሰፊያቸው ይመስለኛል። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ሰውዬው በቅርጫት ዳቦ ተሸክሞ ወደ ድልድዩ ይመጣል። ማዶ ጫፍ ላይ መትረየስ ተጠምዷል። መኮንኑ ቁም ይለዋል። ይቆማል። ፊቱ በላብ ያብለጨልጫል። ከዚያ አንድ እርምጃ ተራመደ።

ያኔ ከኋላዬ ጭብጨባ ሰማሁ።

መጀመሪያ የአንድ ሰው ነበር፤ ደረቅ፣ የሚያመነታ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ከግራም ከቀኝም። እንደ ትልቅ ሕዝብ ጭብጨባ የተደባለቀ አልነበረም፤ እያንዳንዱን መለየት እችል ነበር። አንደኛው ቸኩሏል። አንደኛው ቀለበት ያጠለቀ እጅ መሰለኝ፣ መሃል መሃሉ ላይ ብረት ያቃጭላል። አልዞርኩም። አንገቴ እምቢ አለኝ። የገዛ እጆቼ ከጭኔ ላይ ተነሱ፤ እኔም አጨበጨብኩ ብል ደስ ባለኝ ነበር። ደረቴ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። እጅሽን አታሳዪ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ የራሴ ሐሳብ አይመስልም ነበር፣ ሰው ጆሮዬ ላይ ያንሾካሾከው እንጂ።

መብራቱም በራ።

የግድግዳው፣ የጣሪያው፣ የአዳራሹ መብራት ሁሉ። ማሽኑ መሮጡን አላቆመም፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ግን ነጣ፣ ዳቦ ጋጋሪውም ውሃ ውስጥ እንዳለ ጥላ ሆነ። ዞርኩ። ማንም የለም። ከኋላዬ ባሉት ረድፎች ላይ ግን፣ እዚህም እዚያም፣ መቀመጫዎች ወርደዋል፤ ሰው እንደተቀመጠባቸው። ቆጠርኳቸው። ሰው ሲፈራ የሚሠራውን አያውቅም። አስራ ሰባት ናቸው። እያየኋቸው አንዱ ጧ ብሎ ወደ ላይ ታጠፈ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ሌላው። ሳይቸኩሉ፣ አንድ በአንድ፣ ስሙ ተጠርቶ እንደሚነሳ ሰው። የመጨረሻው ሲታጠፍ መብራቱ ጠፋ።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ጋሼ ከማሽኑ ርቆ፣ ጀርባውን ለግድግዳው አስደግፎ ቆሟል። ሁለቱንም እጆቹን ብብቶቹ ሥር ቀብሯቸዋል። ማብሪያው በሌላኛው ግድግዳ ላይ ነው፤ እጀታ ያለው ትልቅ የብረት ማብሪያ። የሸረሪት ድር ከላይ እስከ ታች ሸፍኖታል፤ አንድ ክር አልተበጠሰም።

"እኔ አላበራሁም" አለኝ። "ያኔ ነው ያበራሁት። ዛሬ እኔ አይደለሁም።"

ጥቅሉ አልቆ ጫፉ እየዞረ ማሽኑን መግረፍ እስኪጀምር ድረስ ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። ከዚያ ማሽኑን አጠፋው፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ነገረኝ።

በአራተኛው ቀን፣ ከሰዓት፣ ሁለት ሰዎች ማሽን ክፍሉ ገብተው ነበር። የፊልሙ ወሬ ደርሷቸዋል፤ በየትርኢቱ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ሰው እንደሚያጨበጭብ ያውቃሉ። አጨብጫቢዎቹን ለመለየት የፈለጉት አንድ ቀላል ነገር ነው፤ ጭብጨባው ሲሞቅ የአዳራሹ መብራት እንዲበራ። ጓደኞቻቸው በየመውጫው ቆመዋል። ጋሼ ፊልሙን መበጠስ ይችል ነበር። ፊልም በየቀኑ ይበጠሳል፣ ማንም አይጠይቀውም። ጣቱን ፊልሙ ላይ አስቀምጦ ነበር፤ ትንሽ ጫን ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ጫን አላለም። ጭብጨባው ሲመጣ ሄዶ እጀታውን ወደ ታች ሳበው። አስራ ሰባት ሰው እጁን አየር ላይ እንደዘረጋ ቀረ። አንድ በአንድ ስም እየጠየቁ ሲያስነሷቸው ጋሼ በክፍሉ መስኮት ሆኖ አየ፣ ሰማም። ሦስቱ ከዓመታት በኋላ ተመለሱ፤ አስራ አራቱ አልተመለሱም። እሱንም ሁለት ሌሊት ያሰሩት ለማስመሰል ነው።

"አስፈራሩህ?" አልኩት። አዎ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር።

"እሱ ነው የሚያሳፍረኝ" አለ። "አላስፈራሩኝም። አንደኛው ብርቱካን እየላጠ ነበር። 'እንካ፣ ብላ' አለኝ። ተቀብዬ በላሁ። በቃ፣ ልጄ፣ በብርቱካን ነው።"

ተቆጣሁ። ስለ አንተ ጀግና ብዬ ስጽፍ ለምን ዝም አልከኝ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩበት። ንዴቴ ትንሽ በረድ ሲል ግን የራሴ ነገር ቆረቆረኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድልድዩ ላይ የቆመውን ሰው ብቻ ሳይ ኖሬ፣ በጨለማ ውስጥ ተቀምጠው የሚያዩት ምን እንደሆኑ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። እኔ ራሴ ከአፍታ በፊት፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ እጆቼን ደረቴ ላይ ነበር ያቆምኳቸው።

ከተመለሱት ሦስቱ ሁለቱ እንደሞቱ ያውቃል። አንዱ አለ። የት እንዳለ ሲነግረኝ አፌን ያዝኩ። ልጅ ሆኜ ጋሼ የልብስ ቁልፍ ግዢልኝ፣ ክር ግዢልኝ እያለ ሁለት ሠፈር አሻግሮ ወደ አንድ ሱቅ ይልከኝ ነበር፤ ከቤታችን አጠገብ ሦስት የቁልፍ ሱቅ እያለ። እናቴ ይህ ሰው ምን ነካው እያለች ትስቅበት ነበር። የሸሚዝ ቁልፍ በጣሳ ሞልቶ አስቀምጦም ይልከኝ ነበር።

በማግስቱ ሱቁ ሄድን። በሁለት ሕንጻዎች መሃል የተሸጎጠች፣ ግድግዳዋ ሁሉ በትናንሽ መሳቢያ የተሞላ፣ በእያንዳንዱ መሳቢያ ፊት አንድ ናሙና ቁልፍ የተሰፋባት ሱቅ ናት። ሰፈሩ ሰውዬውን ባለ ቁልፉ ይለዋል። ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር። እስር ቤት ውስጥ ያጨበጨቡትን እጆቹን ስለደበደቡት ጣቶቹ ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም፤ ቁልፎቹን በመዳፉ እየገፋ ነው የሚቆጥራቸው።

ጋሼ ባንኮኒው ጋ ቆሞ "እኔ..." ብሎ ጀመረ።

"አውቅሃለሁ" አለው ባለ ቁልፉ። ድምፁ ስለ ክር ዋጋ የሚያወራ ይመስል ነበር። "መብራቱ ሲበራ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ነው የዞረው። እኔ ወደ ላይ አየሁ። ፊትህ በትንሿ መስኮት ነበር። የሆነ ነገር ታላምጥ ነበር።"

ጋሼ ወንበር ሳይሰጠው ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉን ነገረው፤ ጣቱን ፊልሙ ላይ ማስቀመጡን፣ ጫን አለማለቱን፣ ብርቱካኑን። ምንም አላሳመረም። ሐሙስ ዕለት የሆነውንም ነገረው። ይህን ሲሰማ ባለ ቁልፉ በመዳፉ ሲገፋ የነበረውን ቁልፍ ተወው።

"ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ" አለ ቀስ ብሎ፣ "እዚህ ክር እየጠቀለልኩ ነበር። ስሜ የተጠራ መሰለኝና ብድግ አልኩ። በሩ ድረስ ሄድኩ። ማንም የለም።"

ሱቁ ውስጥ ቀዝቃዛ ነገር ያለፈ መሰለኝ። ቆጥሬያቸው የነበሩት መቀመጫዎች አስራ ሰባት ናቸው እንጂ አስራ ስድስት አይደሉም፤ ያንን ለማንም አልተናገርኩም።

የባለ ቁልፉ ፊት ተለወጠ፤ አንድ ነገር ለመጠየቅ ያፈረ ልጅ መሰለ።

"ሰውዬው ድልድዩን ተሻገረ?"

ጋሼ አልገባውም።

"ዳቦ ጋጋሪው። መሃል ላይ እያለ ነው መብራት ያበራህብን። እስር ቤት ሆነን ስንከራከርበት ነበር። ተሻግሯል የሚል ነበር፣ ተመትቷል የሚል ነበር። ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ያየው ሰው አላገኘሁም። ተሻገረ ወይ?"

እኔም አላውቅም ነበር። ሐሙስ ዕለት ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በመብራቱ ነጥቶብኛል፤ መብራቱ ሲጠፋም ወደ ደረጃው ሮጥኩ፣ ቀሪዎቹን ጥቅሎችም አላጫወትናቸውም። ጋሼ ግን ከአራተኛው ቀን በፊት ብዙ ጊዜ አጫውቶታል፤ እያንዳንዱን ጥቅል ያውቀዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ነገረን። ዳቦ ጋጋሪው አልተሻገረም። መሃል ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው። ቅርጫቱን አስቀመጠና ድልድዩ ላይ ቁጭ አለ። ወታደሮቹ ሳቁበት። መኮንኑ ተነስ ቢለው መነሳት አቃተው፤ ተመለስ ቢለውም አልሆነለትም። የሚስቁበትን ሰው መተኮስ ደግሞ ለእነሱም አስቸገራቸው። እንደዚያ ተቀምጦ ፀሐይ ዞረች። ከዚያ ከማዶ አንዲት ሴት መጣች፣ ቅርጫቱ ውስጥ እጇን ከታ አንድ ዳቦ ወሰደች። ከኋላዋ ሌላ ሰው ተከተለ። ቅርጫቱ ሲያልቅ ሰውዬውን ደግፈው አነሱት። ማታ ወታደሮቹ መጥተው ከቤቱ ወሰዱት። መጨረሻው ይኸው ነው፤ የባዶ ቅርጫት ሥዕል።

"ፈርቶ ነው የተቀመጠው?" አለ ባለ ቁልፉ።

"ፈርቶ ነው።"

ባለ ቁልፉ ትቶት የነበረውን ቁልፍ እንደገና በመዳፉ ገፋው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በሕልሙ የሚያየው ሰው ራሱን ቀና አድርጎ፣ ሰፋ ሰፋ ባለ እርምጃ የሚሻገር እንደነበር ነገረን። እስር ቤት ውስጥ ጣቶቹን ሲሰብሯቸው እንደዚያ ሰው መሆን ስላቃተው በራሱ ሲያፍር ኖሯል። "ይሄኛው ይሻለኛል" አለ በመጨረሻ። "ይሄኛውን ብነግራቸው ኖሮ።"

ጋሼ ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ከፈተ። ባለ ቁልፉ የማይታጠፈውን እጁን አንስቶ አስቆመው። የይቅርታውን የራሱን ድርሻ ገና እንዳላሰበበት፣ በሌሎቹ አስራ ስድስት ፈንታ ደግሞ ሊመልስ እንደማይችል ነገረው። ቤተሰቦቻቸው ልጆቻቸው ለምን እንደተያዙ እንኳ አያውቁም፤ ሌባ ነበሩ የተባለባቸውም አሉ። ይህን ሊነገራቸው ይገባል። "ብቻህን ከሄድክ አያምኑህም" አለው። "ወይ ያምኑህና ይገድሉሃል። አብሬህ እመጣለሁ።"

እኔ ነገሩን ሁሉ በጋዜጣዋ ገጼ ላይ ጻፍኩት። ጀግና ብዬ የጻፍኩባቸውን አራቱንም ጊዜያት አነሳሁ፤ አንባቢዎች የላኩት ደብዳቤ ግማሹ ስድብ ነበር። እናቴ ለሁለት ወር ከወንድሟ ጋር አልተነጋገረችም፤ እኔንም የቤታችንን ገመና አደባባይ አውጥተሽ ዘረገፍሽው ብላኛለች። ሲኒማ ቤቱ አሁን በፍራሽና በቁም ሳጥን ተሞልቷል። አዲሱ ተከራይ ወንበሮቹን ነቅሎ ሲያወጣ ዘበኛው ሥራውን ለቀቀ፤ ምክንያቱን ስጠይቀው ጸጥታው ከጭብጨባው ባሰብኝ አለኝ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤተሰቦቹ ይሄዳሉ። በሩን የዘጋባቸው አለ። የአንዱ ወንድም ጋሼን አንገቱን ይዞ ግድግዳ ላይ አጣብቆታል። እስከዚያኛው ሳምንት አራት ቤት ደርሰው ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አምስተኛው ጋ ሲሄዱ እኔም ተከተልኳቸው። በሩን የከፈተችው ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች አሮጊት ናት፤ ከአስራ አራቱ የአንዱ እህት። ከበሩ ላይ ሳትንቀሳቀስ፣ አንድ እጇን መቃኑ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። አላለቀሰችም። ጋሼ ሲጨርስ ትኩር ብላ አየችው።

"የት ነበር የተቀመጠው?" አለችው።

"ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ" አለ ጋሼ ሳያመነታ። "ዳር ላይ፣ በመተላለፊያው በኩል።"

"ዳር መቀመጥ ይወድ ነበር" አለች፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ አለችና በሩን ለቀቀችልን።